ሞንጎመሪ፣ ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ወይስ ፍሬድሪክ? ካውንቲ የሚያወዳድሩ ነጻ ድረ ገጾች ለቤት ፈላጊ ምን ያህል ይጠቅማሉ?

ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሻ ከተገናኘ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ያርፋል። ከቅዳሴ በኋላ፣ ልደት ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። «ፍሬድሪክ ውጡ፣ በዚሁ ገንዘብ ሰፊ ቤት ታገኛላችሁ» የሚል አለ። «ፒጂ ምን ሆነና ነው? ለሥራም ይቀርባል» የሚል አለ። «ልጆቹን ከሞንጎመሪ ትምህርት ቤት እንዳታወጡ» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም እውነቱን ነው። ግን እያንዳንዱ የሚያወራው ስለ ራሱ ቤትና ስለ ራሱ ደመወዝ ነው።

እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን ነው የምንኖረው። እኔ ነርስ ነኝ፣ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን፣ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ሜሪላንድ 23 ካውንቲዎች አሏት፤ ባልቲሞር ከተማ ደግሞ ከማንኛውም ካውንቲ ውጭ ራሷን የቻለች ናት። ታዲያ ከዚህ ሁሉ የቱ ነው ለአቅማችን የሚሆነው? መልሱን ከሰው አፍ ብቻ መስማት አልፈለግኩም። ስለዚህ ክፍያ የማይጠይቁ ድረ ገጾችን እየከፈትኩ አወዳደርኩ። ለማን እንደሚጠቅሙና የት ላይ እንደሚያሳስቱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የምመክረው «ኩዊክ ፋክትስ» ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ነው ያዘጋጀው። የካውንቲውን ስም ትጽፋላችሁ፣ ቁጥሩ ይመጣል። ከዚያ ሌላ ካውንቲ ትጨምራላችሁ፣ ጎን ለጎን ይደረደራል። እስከ ስድስት ቦታ ባንድ ጊዜ ማስገባት ይቻላል። እኔ ሞንጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ፍሬድሪክ፣ ሃዋርድ፣ ቻርልስና ባልቲሞር ከተማን አስገባሁ። ስልክ ላይ ሠንጠረዡ ጠባብ ስለሚሆን በኮምፒውተር ብታዩት ይሻላል። ምዝገባ የለም፣ ኢሜይል አይጠይቅም፣ ወዲያው የሚደውል ኤጀንትም የለም። ይህ ብቻውን ደስ ይላል።

ከዚያ ሁሉ ረድፍ ለቤት ፈላጊ የሚጠቅሙት ጥቂቶች ናቸው። የቤት መካከለኛ ዋጋ፣ ሞርጌጅ ያለባቸው ሰዎች የወር ወጪ፣ መካከለኛ ኪራይ፣ የቤተሰብ መካከለኛ ገቢ፣ ወደ ሥራ የሚወስደው ጊዜ። መካከለኛ ማለት ቤቶቹ ከርካሹ እስከ ውዱ ቢሰለፉ እኩሌታው ላይ የሚገኘው ነው። ገቢውም እንደዚያው።

እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 ባለው መረጃ የሞንጎመሪ ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ በዓመት 125 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ፒጂ ወደ 98 ሺህ፣ ፍሬድሪክ ወደ 116 ሺህ፣ ሃዋርድ ወደ 141 ሺህ፣ ባልቲሞር ከተማ ደግሞ 58 ሺህ ገደማ። የቤቱ ዋጋ ሞንጎመሪ ላይ ወደ 600 ሺህ ይጠጋ ነበር፣ ባልቲሞር ከተማ ላይ በ200 ሺህ አካባቢ ነበር። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «ባልቲሞር ሦስት እጥፍ ርካሽ ነው!» ይላል።

እዚህ ላይ ግን ዋጋውን ለገቢው ማካፈል ያስፈልጋል። ሞንጎመሪ ላይ ቤቱ የዓመት ገቢን ወደ አምስት እጥፍ ይሆናል። ባልቲሞር ከተማ ላይ ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ። ፍሬድሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለባልቲሞር ነዋሪ ባልቲሞር የምናስበውን ያህል ርካሽ አይደለችም፣ ምክንያቱም የሚያገኘውም ትንሽ ነው። ርካሽ የምትሆነው ደመወዙን ከሌላ ቦታ ይዞ ለሚገባ ሰው ነው። ኩዊክ ፋክትስ ይህን አካፍሎ አይሰጣችሁም። ቁጥሮቹን ግን ጎን ለጎን ያስቀምጥላችኋል፣ የስልካችሁ ካልኩሌተር የቀረውን ይጨርሳል።

ሁለት ነገር ግን ማወቅ አለባችሁ። አንደኛው፣ የቤቱ ዋጋ ከሽያጭ ውል የተወሰደ አይደለም። ቆጠራ ቢሮው «አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ» በሚለው መጠይቅ ባለቤቱን «ቤትህ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ የገመተው ነው የሚመዘገበው። ሁለተኛው፣ በኪራዩ ቁጥር ውስጥ አንድ አፓርትመንት ላይ ለዓመታት የቆየ ተከራይም አለበት። ዛሬ አዲስ ውል የሚፈርም ሰው የሚጠየቀው ከዚያ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ቁጥሩ የአምስት ዓመት አማካይ ነው፣ የወረርሽኙን ጊዜ ሁሉ አንድ ላይ ይዞ። አምስት ዓመት የሚሰበስቡበት ምክንያት አለ፤ ከ65 ሺህ ሕዝብ በታች ያላቸው እንደ ኬንት ያሉ ካውንቲዎች ባንድ ዓመት ናሙና ብቻ አይለኩም። ቢሆንም «በዚህ ወር ስንት እከፍላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከዚህ አትጠብቁ። ካውንቲን ከካውንቲ ለማወዳደር ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም። ከአምስት አራት ኮከብ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ሰዉ በአጭሩ «ሀድ» የሚለው፣ በየዓመቱ «ፌር ማርኬት ረንት» የሚባል የኪራይ ተመን ያወጣል። መንግሥት ኪራይ ለሚያግዝበት ቫውቸር መነሻ የሚሆነው ይህ ነው። ድረ ገጹ ካውንቲ ምረጡ ይላችኋል። ሞንጎመሪን መረጥኩ። ከዚያ ፒጂን መረጥኩ። ቁጥሩ ያው ነው! ፍሬድሪክንም ስመርጥ ያው ነው። ቻርልስም ያው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሀድ እነዚህን ካውንቲዎች ከዋሽንግተን ዲሲና ከሰሜን ቨርጂኒያ ጋር አንድ አካባቢ አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። አቅምን ላገናዘበ ቤት ብቁ የሚያደርገው የገቢ ጣሪያም እንደዚሁ ነው። በ2024 የአካባቢው የቤተሰብ መካከለኛ ገቢ ተብሎ የተያዘው 154,700 ዶላር ነበር። ይህ ቁጥር ሞንጎመሪ ላለችው ቤተስዳም፣ ፒጂ ላለችው ሃያትስቪልም ያው ነበር። «አቅምን ያገናዘበ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ስታዩና ኪራዩን አይታችሁ ስትደነግጡ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የዚያ ገቢ 60 በመቶ እንኳ ብዙ የእኛ ሰዎች ከሚያገኙት ይበልጣል። ይሄ ነገር ያናድደኛል። አንድ የፒጂ የጽዳት ሠራተኛ በፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ መሐንዲስ ደመወዝ መለካት የለባትም።

ሀድ በዚፕ ኮድ የተከፋፈለ ተመንም አለው፤ የዋሽንግተን አካባቢም በዚያ ከሚሠራባቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቫውቸር ያለው ሰው በካውንቲ ሳይሆን በዚፕ ኮድ ይፈልግ። ያኔ ይጠቅማል። ካውንቲ ለማወዳደር ግን አይሆንም። ሁለት ኮከብ።

ይህ ስህተት ወደ ሌሎችም ይጋባል። «ሊቪንግ ዌጅ ካልኩሌተር» የሚባለውን የኤም አይ ቲ ድረ ገጽ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ኤሚ ግላስማየር የተባሉ ፕሮፌሰር በ2003 የጀመሩት ነው። ካውንቲውን፣ የሚሠሩትን ሰዎች ብዛትና የልጆቹን ቁጥር ትመርጣላችሁ። በሰዓት ስንት ቢከፈላችሁ ያለ እርዳታ እንደምትኖሩ ይነግራችኋል። ምግብ፣ የልጅ መዋያ፣ ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ ታክስ ሁሉም ተዘርዝሯል። የቤቱን ወጪ ግን የሚወስደው ከዚያው ከሀድ ተመን ነው። ስለዚህ ሞንጎመሪንና ፒጂን በቤት ለይቶ አያሳያችሁም።

እኔ ግን ይህን ድረ ገጽ እወደዋለሁ። የልጅ መዋያው ረድፍ ለብቻው ስለተጻፈ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ መዋያው ከቤት ኪራይ ጋር ይፎካከራል። እናቴ ልጆቹን ስለምትይዝልን ያ ረድፍ ለእኛ ባዶ ነው። የእናቴ መኖር ለቤታችን ስንት እንደሚያወጣ በዶላር ያየሁት እዚያ ላይ ነው። ነገርኳት። «እና ደመወዜን መቼ ነው የምትከፍይኝ?» አለችኝ።

የጎደለውም ያው ከእኛ ኑሮ ነው። አገር ቤት በየወሩ የምንልከው ገንዘብ ቦታ የለውም። ዕቁብ የለውም። ዕድር የለውም። ለሠርግና ለለቅሶ የሚወጣው የለውም። ለአሜሪካዊ የተሠራ ስለሆነ አልፈርድበትም። ግን ውጤቱን አይታችሁ «አዎ፣ እንችላለን» ከማለታችሁ በፊት የምትልኩትን ደምሩበት። ሦስት ኮከብ ተኩል።

አሁን ወደ ዋናው። ከአገኘኋቸው ሁሉ ለውሳኔያችን ብዙ የጠቀመን «ኤች ፕላስ ቲ» የሚባለው ነው። ቺካጎ የሚገኘው ሴንተር ፎር ኔበርሁድ ቴክኖሎጂ የሚባል ድርጅት ነው የሠራው። ሐሳቡ አንድ ነው። የቤት ወጪ ብቻውን አይለካም፣ የመጓጓዣው ወጪ አብሮ ይደመራል። የተለመደው ሕግ ለቤት ከገቢህ ከ30 በመቶ በላይ አታውጣ የሚለው ነው። እነዚህ ሰዎች 15 በመቶ ለመጓጓዣ ጨምረው ሁለቱ አንድ ላይ ከ45 በመቶ አይለፉ ይላሉ። ካርታው በሰፈር ደረጃ ቀለም ተቀብቷል።

ካርታውን ስትከፍቱ መጀመሪያ ቤቱን ብቻ እዩ። ከዲሲ በራቃችሁ ቁጥር ርካሹ ቀለም ይበዛል። ከዚያ ትራንስፖርቱን ደምሩ። ርካሽ የመሰለው ብዙ ቦታ ቀለሙን ይቀይራል። ሁለት መኪና፣ ሁለት ኢንሹራንስ፣ ነዳጅ፣ ጥገና። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮው አጠገብ ያለው ሰፈር በቤት ብቻ ሲታይ ውድ ነው። ሲደመር ግን ያን ያህል የከፋ አይደለም።

ታላቅ እህቴ ፍሬድሪክ ነው የምትኖረው። ቤቷ ያምራል፣ ጓሮዋ ላይ ጎመንና ቃሪያ ትተክላለች። ሥራዋ ቤተስዳ ነው። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ አለበለዚያ 270 አውራ ጎዳና ላይ ትቆማለች። «ለምን በማርክ ባቡር አትሄጂም?» አልኳት። ለእሷ ይሆናት ነበር። የብራንስዊክ መስመር በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ዲሲ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይም ይቆማል። እኔ ግን ማታ ነው የምገባው። እኔ ወደ ሥራ በምወጣበት ሰዓት ባቡሩ ሠራተኛውን ጭኖ ወደ ፍሬድሪክ እየተመለሰ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጭራሽ የለም። ለቀን ሠራተኛ የተሠራ ባቡር ነው። ነርስ፣ ጥበቃ፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ ላይ የምትሠሩ ይህን በደንብ እዩት። የእኛ ሰው ሥራ ብዙው በዚያ ሰዓት ነው።

ኤች ፕላስ ቲ ይህን ፈረቃ አያውቅም። ስሌቱ የተለመደ ቤተሰብን ይዞ ነው። የባለቤቴ መኪና ለእሱ መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታው እንደሆነም አያውቅም። ኡበር የሚነዳ ሰው ከዲሲና ከአየር ማረፊያዎቹ በራቀ ቁጥር ያለ ክፍያ የሚነዳው ማይል ይጨምራል። ይህን ወጪ ባለቤቴ በወረቀት አስልቶ ነው የደመረው። ከዚያ በኋላ ፍሬድሪክ ከዝርዝራችን ወጣ። እህቴ አኩርፋለች፣ ግን ገብቷታል። ኩዊክ ፋክትስ ላይ የቻርልስን ረድፍ ስታዩ ደግሞ ወደ ሥራ የሚወስደው አማካይ ጊዜ ከ40 ደቂቃ በላይ ነው። የቻርልሷ ዋልዶርፍ ላይ ለምን በዚያ ዋጋ አዲስ ቤት እንደሚገኝ ያን ጊዜ ይገባችኋል። ለኤች ፕላስ ቲ አራት ኮከብ ተኩል።

መጨረሻ ላይ የምነግራችሁ ማወዳደሪያ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ግን ቤት ለመግዛት ለቆረጠ ሰው ከሁሉም ይበልጣል። የሜሪላንድ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ «ኤስዳት» የሚባለው፣ የእያንዳንዱን ቤት መዝገብ ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። አድራሻውን ትጽፋላችሁ። ባለቤቱ መቼ በስንት እንደገዛው፣ መንግሥት ስንት እንደገመተው፣ ሁሉም ይወጣል። ገጹ ያረጀ ነው፣ ጽሑፉም ደቃቃ ነው። ታገሡት።

ታች ወርዳችሁ «ሆምስቴድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ሜሪላንድ ቤቶችን በየሦስት ዓመቱ ትገምታለች። ቤቱ ዋጋው ቢዘልም ለሚኖርበት ባለቤት ታክስ የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከተወሰነ በላይ እንዳይጨምር ጣሪያ አለ። ለግዛቱ ታክስ 10 በመቶ ነው። ካውንቲው ከዚያ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ሞንጎመሪ 10 ላይ ነው፣ ሃዋርድ 5፣ ባልቲሞር ከተማ 4፣ አን አረንደል 2 ብቻ። ለረጅም ጊዜ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ምንም ማወዳደሪያ ድረ ገጽ ላይ አላየሁትም።

ወጥመዱ ይህ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ጣሪያው ይነሣል። ለምሳሌ ቤቱ 400 ሺህ ተገምቶ የድሮው ባለቤት ግን በ320 ሺህ ሒሳብ ሲከፍል ቆይቶ ይሆናል። እናንተ ስትገቡ በ400 ሺህ ትከፍላላችሁ። ከመቶ ዶላር አንድ ዶላር በሚያስከፍል ካውንቲ ይህ ብቻ በዓመት 800 ዶላር ይጨምራል። የቤት ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ታክስ ግን የድሮው ባለቤት የከፈለው ሊሆን ይችላል። አንድ የቤት መፈለጊያ አፕ የወር ወጪ ብሎ ያሳየን ቁጥርና እኛ በኤስዳት ያሰላነው ብዙ የተለያየው ለዚህ ነው። ቤቱን ስትገዙ ሆምስቴዱን ራሳችሁ አንድ ጊዜ ማመልከት አለባችሁ። ማመልከቻው ነጻ ነው፣ ማንም ሰው ገንዘብ እንዳይጠይቃችሁ።

ባልቲሞርን ለምታስቡ ሁለት ነገር ልጨምር። የከተማዋ የንብረት ታክስ ከመቶ ዶላር 2.248 ነው፤ ጎረቤቷ ባልቲሞር ካውንቲ 1.10። ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ብዙ የድሮ ቤቶች «ግራውንድ ረንት» አለባቸው። ቤቱ የእናንተ፣ መሬቱ የሌላ ሰው፣ በየዓመቱ ኪራይ ትከፍሉበታላችሁ። ኤስዳት ላይ መዝገቡ አለ። ሳታዩ እንዳትፈርሙ። ሃዋርድ ውስጥ ኮሎምቢያ የምትገዙ ደግሞ የከተማው ማኅበር በየዓመቱ የሚያስከፍለውን ጠይቁ። ፒጂ አዳዲስ ሰፈሮች ላይ ለውኃና ለፍሳሽ መስመር ለብዙ ዓመት የሚከፈል «ፍሮንት ፉት» የሚባል ሒሳብ አለ። እሱንም ከውሉ ላይ አስነብቡ።

መዝጊያ ወጪውም በካውንቲ ይለያያል። ፒጂ ቤት ሲተላለፍ የራሱን 1.4 በመቶ ያስከፍላል። ሞንጎመሪ ለአብዛኛው ቤት 1 በመቶ ነው። ፍሬድሪክ ይህኛው ግብር የለውም። ሌላው የመመዝገቢያ ታክስ ግን አለው። ሻጭና ገዢ ይህን እንዴት እንደሚካፈሉት በውሉ ላይ ይወሰናል። መጀመሪያ ቤት ለሚገዛ ሰው ቅናሽ ስላለ «ፈርስት ታይም ባየር ነኝ» ማለት አትርሱ።

ለኤስዳት አምስት ኮከብ፣ ገጹ ቢያረጅም።

ለጊዜው ኪራይ ላይ የምትቆዩ ከሆነ አንድ ነገር ከነዚህ ድረ ገጾች አታገኙም፤ ሕጉን። ሞንጎመሪ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ የኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ አለው፣ ቢበዛ 6 በመቶ። ከ23 ዓመት በታች የሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ግን አይካተቱም። ስለዚህ አፓርትመንት ስትፈልጉ የሕንፃውን ዕድሜ ጠይቁ። አዲሱና የሚያብረቀርቀው ላይ ውል ስታድሱ የሚጨመረው ሌላ ሊሆን ይችላል።

እኛ አሁን ላውረል አካባቢ ታውንሃውስ እያየን ነው። ለእኔም ለባለቤቴም ሥራ ይመቻል፣ 95 አውራ ጎዳናም አይሲሲ የሚባለው የክፍያ መንገድም ቅርብ ናቸው። ላውረልን የምታዩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማዋ ያለችው ፒጂ ውስጥ ነው። ፖስታ ላይ «ላውረል» የሚል አድራሻ ያላቸው ቤቶች ግን ሃዋርድም፣ አን አረንደልም ውስጥ አሉ። መንገድ ተሻግሮ ካውንቲው ይለወጣል። ታክሱ፣ ሆምስቴዱ፣ ትምህርት ቤቱ አብሮ ይለወጣል። በከተማዋ ክልል ውስጥ ከሆነ የከተማዋም ታክስ ይጨመራል። ኤስዳት ላይ ከአድራሻ በፊት መጀመሪያ የሚያስመርጣችሁ ካውንቲውን ነው። ቤቱ ፒጂ ላይ ካልወጣ ሃዋርድ ብላችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ አን አረንደል። ኤጀንታችሁ በስልክ የነገራችሁን ሳይሆን ያ ገጽ የሚያወጣውን ካውንቲ ይዛችሁ አስሉ።